«ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

በጠዋት ፈረቃ የሚማሩ የድሬዳዋ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ፀሐይ አናት ላይ በምትቆምበት ሰዓት ነው። ደብተራቸውን ለፀሐይ መከለያ ራሳቸው ላይ የጫኑ፣ የጫማቸውን ክር ሳያስሩ የሚሮጡ፣ ከአንዱ ዛፍ ጥላ ወደ ሌላው ጥላ እየዘለሉ የሚሄዱ ሕፃናት የከዚራን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የመጋላን ጠመዝማዛ መንገዶች ይሞሏቸዋል። እቤት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ጥያቄ በሁሉም ሰፈር አንድ ነው። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» መልሱም አንድ ነው ማለት ይቻላል። «ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ አማርኛ።» እናትም «ጎሽ» ብላ ምሳ ታቀርባለች።

ይህን መልስ ልብ ብለን ብንመረምረው ልጁ የነገረን የተማረውን ሳይሆን የዕለቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል መሆኑን እንረዳለን። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ምን አዲስ ነገር እንዳገኘ፣ በሳይንስ ምን እንዳልገባው፣ በአማርኛ የትኛው ቃል እንዳስቸገረው አልነገረንም። ሊደብቀን ፈልጎ አይደለም። ስላሳለፈው ቀን ቆም ብሎ እንዲያስብና አሳቡን በራሱ ቃል እንዲገልጽ ያስለመደው ሰው ስለሌለ ነው።

አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ የሰማውን፣ ያየውንና የሠራውን መልሶ አስቦ በራሱ አነጋገር የሚጽፈውን አጭር ጽሑፍ እዚህ ላይ «የትምህርት ውሎ» ብለን እንጠራዋለን። የትምህርት ውሎ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚገለበጥ ማስታወሻ ይለያል። በግልባጩ ውስጥ ያለው የመምህሩ አነጋገር ነው፤ የአምሳ ልጆች ደብተር ቢሰበሰብ አምሳውም አንድ ዓይነት ይሆናል። የትምህርት ውሎ ግን የጸሐፊው ስለሆነ የሁለት ልጆች ጽሑፍ አንድ ሆኖ ከተገኘ አንደኛው ከሌላው ቀድቷል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በድሬዳዋ ከተማ በደቻቱ ወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። መምህሯ በሳምንት ሦስት ቀን የትምህርት ውሎ እንዲጽፉ ተማሪዎቹን ያዝዛል። የመጀመሪያ ጽሑፏ የሚከተለው ነው።

«ዛሬ ሦስት ትምህርት ተማርን። በሳይንስ ስለ ጎርፍ ተማርን። ጎርፍ ማለት ከዝናብ በኋላ በመሬት ላይ የሚፈስ ብዙ ውኃ ነው። መምህራችን ጠየቁን። መለስን። ከዚያ ተደወለ።»

ጽሑፉ የፊደል ስሕተት የለበትም፤ ዓረፍተ ነገሮቹም የተሟሉ ናቸው። ሆኖም ግሦቹን አንድ በአንድ እንመልከታቸው። የ«ተማርን» እና የ«መለስን» ባለቤት «እኛ» ነው። በ«ጠየቁን» ውስጥ ባለቤቱ መምህሩ ሲሆን ተሳቢው ያው «እኛ» ነው። «ተደወለ» የሚለው ደግሞ ማን እንደ ደወለ እንኳ የማይነግረን ተገብሮ ግሥ ነው። በስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «እኔ» አንድ ጊዜ እንኳ አልተገኘችም። ጎርፍን የሚተረጕመው ዓረፍተ ነገር ቢሆን ቃል በቃል ከሰሌዳው የመጣ ነው። እንግዲህ ልጅቷ በዚያ ቀን ክፍል ውስጥ መኖሯን ይህ ጽሑፍ አያስረዳንም፤ የክፍል ጓደኛዋም ሊጽፈው ይችል ነበር።

ይህ «እኛ» ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። ምንጩ የኅብረት መልስ ነው። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ከዚያ ድምፅ ውስጥ ያልገባውን ልጅ ድምፅ ለይቶ መስማት የሚችል ጆሮ የለም። የኅብረት ንባብና የኅብረት መልስ ጥቅም የላቸውም ለማለት አይደለም፤ ዓይን አፋሩን ያደፋፍራሉ፣ አነጋገርንም ያቃናሉ። እኔ ራሴ በልጅነቴ የማባዣውን ሠንጠረዥ ከጓደኞቼ ጋር በዜማ አወርደው ነበር። ለብቻዬ «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ተብዬ ስጠየቅ ግን ከ«ሰባት ጊዜ አንድ» ተነሥቼ እያዜምሁ ካልመጣሁ በቀር መልሱ ላይ አልደርስም ነበር። ዜማውን ዐውቀዋለሁ፤ ሒሳቡን አላውቀውም።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በልዩ ልዩ ክልሎች የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የኖሩ ናቸው። ከጓደኞቻቸው ጋር ሲያነቡ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ለብቻቸው እስኪጠየቁ ድረስ ችግራቸውን ያየው አልነበረም።

ወደ ልጅቷ ደብተር እንመለስ። መምህሩ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ቀይ መስመር አላሰመረበትም። ከግርጌው «ከዛሬው ትምህርት አንቺን ያላረካሽ ነገር ምንድን ነው? እርሱን ብቻ ጻፊ» የሚል ማሳሰቢያ ጻፈበት። ሁለተኛው ጽሑፍ እንዲህ ሆነ።

«መምህራችን ጎርፍ የሚመጣው ከዝናብ በኋላ ነው ብለው ነበር። ለእኔ ግን አልገባኝም። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን እኛ ሰፈር ዝናብ አልዘነበም። መሬቱ ደረቅ ነበር። ደቻቱ ግን በድንገት ሞላ። አያቴ ‹አትሻገሩ!› ብላ ጮኸች። ዝናብ ሳይኖር ጎርፉ ከየት መጣ?»

(ልጅቷ ስለ አያቷ ስትጽፍ «ብለው ጮኹ» አለማለቷን አንዳንድ አንባቢ እንደ ጉድለት ይቈጥርባት ይሆናል። ድሬዳዋ አንቱታን እምብዛም የማታበዛ ከተማ መሆኗን የሚያውቅ ግን አይገረምም። መምህሯን በአንቱታ፣ አያቷን በአንቺታ መጥራቷ የከተማዋን አነጋገር በትክክል ያሳያል።)

እዚህ ላይ «አልገባኝም» በሚለው ግሥ ላይ ጥቂት እንቆይ። «ትምህርቱን ተረዳሁ» ስንል የግሡ ባለቤት «እኔ» ሲሆን ተሳቢው ትምህርቱ ነው። «ትምህርቱ ገባኝ» ስንል ግን ሥፍራቸው ይለዋወጣል። ባለቤቱ ትምህርቱ ይሆናል፤ በ«ኝ» የተመለከተው ተማሪ ደግሞ ተቀባይ ይሆናል። እንግዳ ወደ ቤት እንደሚገባ ሁሉ ትምህርቱ ወደ ሰውዬው ይገባል። ስለዚህ «አልገባኝም» የሚል ልጅ ራሱን አልወቀሰም፤ ትምህርቱ ገና ደጃፉ ላይ እንደ ቆመ ማስታወቁ ነው። ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ያልከበደ፣ የማያሳፍር ግሥ አዘጋጅቶ ሳለ በክፍል ውስጥ የሚናገረው ልጅ ማነሱ የሚያሳዝን ነው።

የልጅቷ ጥያቄ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከተማዋን ለሁለት የከፈለ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማዋ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከበስተ ደቡቧ በደንገጎ በኩል የሚታየው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚያ ደጋ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ተዳፋቱን ተከትሎ በየሸለቆው ይሰበሰብና ወደ ደረቁ አሸዋ ይወርዳል። ተዳፋቱ ዛፍና ሣር ባነሰው መጠን መሬቱ የሚመጠው ውኃ ያንሳል፤ የሚወርደውም ይበዛል። በመሆኑም የከተማው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ሌሊት፣ ለ30 አጥቢያ፣ ደቻቱ ከዳርቻው ገንፍሎ ድሬዳዋን መታ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን አጡ። ብዙዎቹ በእንቅልፍ ላይ ነበሩ። «ጎርፍ ከዝናብ በኋላ ይመጣል» የሚለውን ትርጕም በቃሉ የያዘ ልጅ ፈተናውን ያልፋል። እቤቱ ደጃፍ ላይ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ አሸዋው ላይ ቢጫወት ግን ትርጕሙ አያድነውም። ልጅቷ በደብተሯ ላይ ያነሣችው ጥያቄ በትርጕሙ ውስጥ የጎደለውን አንድ ቃል ይፈልጋል፤ «ከዝናብ በኋላ» ከማለት አስቀድሞ «የት?» መባል ነበረበት። መምህሩ በማግሥቱ ይህንኑ በሰሌዳው ላይ በሥዕል አስረዳ፤ ያልተረዱት ሌሎች ልጆችም እንደ ነበሩ ያን ጊዜ ታወቀ።

ሦስተኛው ጽሑፍ ከአንድ ሳምንት በኋላ የተጻፈ ነው።

«ዛሬ በኅብረተሰብ ትምህርት ስለ ባቡር ተማርሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራው ከባድ ስለ ነበረ ከተራራው በታች ቀረ። ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ ተሠራች። እኔ ሳስበው ባቡሩን ያስቀረው ተራራና ጎርፉን የሚልክብን ተራራ አንድ ነው። ባቡር መውጣት ካቃተው፣ ውኃ ሲወርድ በጣም ይሮጣል።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የሚይዝ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አላጋጠመኝም። ስለ ጎርፍ ያስተማረው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ስለ ባቡር የተነገረው በሌላ ቀን፣ በሌላ ክፍለ ጊዜ ነው። ሁለቱ ትምህርቶች በክፍል ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። የተገናኙት በልጅቷ ደብተር ላይ ነው። የትምህርት ውሎ ዋናው ጥቅም ይህ ይመስለኛል። በሰባት ዓይነት ትምህርት የተከፋፈለው ዓለም መልሶ አንድ ዓለም የሚሆንበትን ሥፍራ ያዘጋጃል።

ታሪኩም ቢመረመር ልጅቷ ብዙ አልሳተችም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ እንዲቀጥል የሚል ነበር። ሐረር ከድሬዳዋ በመኪና መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በከፍታ ግን 700 ሜትር ያህል ይበልጣታል። ያን ዳገት በሐዲድ መውጣት ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ ከደጋው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ሥፍራ ላይ የተቈረቈረችው ከተማም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ልጅቷ «ተራራው ከባድ ስለ ነበረ» ብላ ያለፈችው ይህን ሁሉ ነው። ለአምስተኛ ክፍል ይበቃል።

አሁን ሦስቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ መያያዣዎቹን ብቻ ተከታተሉ። በመጀመሪያው ውስጥ «ከዚያ» ከምትለው በቀር አንዱን አሳብ ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ቃል የለም። በሁለተኛው ውስጥ «ግን» ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ጥያቄ የተወለደበት ቃል እርሱ ነው። በሦስተኛው ውስጥ «ነገር ግን»፣ «ስለ»፣ «ከዚያ በኋላ» እና «ካቃተው» በሚለው ውስጥ ያለው «ከ» ይታያሉ። መምህሩ ስለ መስተፃምርና ስለ መስተዋድድ ያስተማራት ነገር የለም። ምክንያትንና ውጤትን ማያያዝ በፈለገች ጊዜ የሚያያይዙት ቃላት ከአፏ ወደ ብዕሯ መጡ። እናንተ በዚህ መጽሐፍ የምታጠኑት ሰዋስው ለእንዲህ ዓይነቱ ፍላጎት የተበጀ መሣሪያ ነው።

በድሬዳዋ ይህን ጉዳይ የሚያወሳስበው፣ የሚያበለጽገውም ሌላ ነገር አለ። እርሱም የቋንቋ ብዛት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ስለ ፈቀደ፣ በከተማዋ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚያስተምሩ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች አሉ። ነገር ግን የልጆቹ ቤትና የልጆቹ ክፍል ሁልጊዜ በአንድ ቋንቋ አይናገሩም። በአማርኛ የሚማር አንድ ልጅ ጎርፍን እቤቱ በኦሮምኛ «ሎላ» ብሎ፣ ጓደኛው ደግሞ በሶማልኛ «ዳድ» ብሎ ያውቀው ይሆናል። ሁለቱም ጎርፍን ያውቁታል፤ «ጎርፍ» የሚለውን ቃል ግን ገና እየተላመዱት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በትምህርት ውሎው ላይ የቤቱን ቃል ቢያስገባ መምህሩ ፈጥኖ ባይሰርዝበት ይመረጣል። ልጁ የማያውቀውን ነገር ሳይሆን የማያውቀውን ቃል ለይቶ አሳይቶታልና። በእኔ አስተያየት የፊደል ስሕተትም ቢሆን በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ላይ ተራውን ሊጠብቅ ይገባዋል። ደብተሩ በቀይ ቀለም ተዥጐርጕሮ የተመለሰለት ልጅ በማግሥቱ የሚጽፈው የማይሳሳትበትን ነው፤ የማይሳሳትበት ደግሞ «ዛሬ ሦስት ትምህርት ተማርን» የሚለው ነው።

ተማሪ የተማረውን መልሶ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ከውጭ የመጣ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1910 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው አስተሳሰብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ እውነተኛ አሳብ የሚጀምረው ከጥርጣሬና ከግራ መጋባት እንደሆነ አስረድቷል። ነገር ግን በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ይህ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ሕፃኑ ፊደልና ንባብ ሲማር ከጓደኞቹ ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ ግን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቈጥራል፤ የራሱ ያልሆነውን ይዞ መቅረብ አይችልም። ያዘጋጀውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እያቃና ያሳልፈዋል። የኅብረቱ ድምፅና የብቻው ጸጥታ ሁለቱም በአንድ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ተራ ተራቸውን ይዘው ኖረዋል። ዘመናዊው ክፍል የመጀመሪያውን ወርሶ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ረስቶታል።

በእርግጥ ችግር አለ። ብዙ ልጆች ያሉበትን ክፍል የያዘ መምህር የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ሊያነብ አይችልም። አንዳንዶች በቀን አምስት አምስት ደብተር ብቻ ያነባሉ፤ ሌሎችም ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርሳቸው እንዲያነቡ ያደርጋሉ። ያልተነበበ ጽሑፍም ቢሆን ጸሐፊውን ጠቅሞ ያልፋል፤ ሆኖም ልጅ የሚያነብለት ሰው እንደሌለ ሲያውቅ ብዙ ቀን አይጽፍም።

የዚያች ልጅ ጽሑፍ ግን አንባቢ አገኘ። መምህሩ ከሦስተኛው ጽሑፍ ግርጌ «የሁለቱን ከተሞች ከፍታ ፈልገሽ ጨምሪበትና ሰኞ ለክፍሉ አንብቢ» ብሎ ጻፈበት። በዚያን ዕለት እናቷ እንደ ወትሮዋ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስትላት ልጅቷ የክፍለ ጊዜውን ስም አልዘረዘረችም። ደብተሯን ይዛ ቡና ወደምትጠጣው አያቷ ዞረችና «አያቴ፣ ጎርፉ በመጣበት ሌሊት እዚህ ዝናብ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። አያቷም የያዘችውን ሲኒ አስቀመጠችና ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ መናገር ጀመረች።